ሐኪም ለመሆን መጀመሪያ ምን እንማር?

በካኩማ ካምፕ ለሚኖሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር



ከሁሉ አስቀድመን፣ የከሰዓቱን ሙቀትና አቧራ ችላችሁ፣ የውኃ ወረፋችሁን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ በዚህ አዳራሽ ስለተገኛችሁልን ከልብ እናመሰግናለን።

በፊታችሁ የቆምነው ሦስት ሰዎች ነን። አንዱ በካምፑ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምራል። አንዷ በክሊኒክ ውስጥ በኢንሴንቲቭ ክፍያ በነርስነት ታገለግላለች። ሦስተኛው በስኮላርሺፕ ከካምፑ ወጥቶ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ የተመለሰ ነው። ሦስታችንም በእናንተ ዕድሜ ሳለን ሐኪም ለመሆን ተመኝተን ነበር፤ ሦስታችንም አልሆንንም። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው መንገዱን ጨርሶ እንደ ደረሰ ሰው ሳይሆን፣ መንገዱ የት ላይ እንደሚያደናቅፍ ራሱ ተደናቅፎ እንዳየ ሰው ነው።

ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ ያነሳሳን በየጊዜው የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም «ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት መጀመሪያ የትኛውን ሳይንስ ልማር? ባዮሎጂ ይሻላል፣ ኬሚስትሪ ይሻላል፣ ወይስ ነርሲንግ?» የሚል ነው። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን ከእርሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ሕክምናውን የምትማረው በየትኛው አገር ነው?» የሚለው ነው። ይህን ሳይጠይቁ የትምህርት መስክ መምረጥ፣ የት እንደሚሄድ ሳይጠይቁ መኪና ላይ እንደ መውጣት ይቆጠራል።

የስልክ ምክር

ከመካከላችን በባዮሎጂ የተመረቀው ወንድማችን ታሪኩን እንድንነግራችሁ ፈቅዶልናል። ፎርም ፎርን ሲጨርስ ውጤቱ ጥሩ ነበር። በአሜሪካ የሚኖር አጎቱ በስልክ «ሐኪም ለመሆን መጀመሪያ ባዮሎጂ ተማር፤ ከዚያ በኋላ ሕክምና ትገባለህ» አለው። አጎቱ አልዋሸም። እርሱ በሚኖርበት አገር መንገዱ እንደዚያ ነው። ወንድማችንም ምክሩን ተቀብሎ፣ በስንት ደጅ ጥናት ያገኘውን ስኮላርሺፕ በባዮሎጂ ላይ አዋለው። አራት ዓመት ተምሮ በጥሩ ውጤት ተመረቀ።

ከዚያ በኋላ ወደ አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሄዶ ሲጠይቅ፣ በዚህ አገር ሕክምና ለመግባት የሳይንስ ዲግሪ እንደማይጠየቅ፣ ቢቀበሉትም ከአንደኛ ዓመት እንደሚጀምርና ክፍያውን ራሱ እንደሚችል ተነገረው። ስኮላርሺፑ ደግሞ ለአንድ ዲግሪ ብቻ የተሰጠ ነበርና አልቋል። ወንድማችን የባዮሎጂ ትምህርቱን ጠልቶት አይደለም፤ ዛሬም ልጆቻችሁን በእርሱ ያስጠናበታል። ነገር ግን «በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ‹የምትሄደው በየትኛው መንገድ ነው?› ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ» ይላል። ድስት ተጥዶ ከማልቀስ መጥኖ መደቆስ ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። ዛሬ የሰበሰብናችሁም ያንን ጥያቄ ከወዲሁ ልንጠይቃችሁ ነው።

በአካባቢያችን ያለው መንገድ

በኬንያ፣ በኡጋንዳና በአገራችን በኢትዮጵያ ሕክምና ራሱ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ተማሪው ከሁለተኛ ደረጃ ወጥቶ ይገባል እንጂ ሌላ ዲግሪ ይዞ እንዲመጣ አይጠበቅም። በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ስድስት ዓመት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ አለ። እ.ኤ.አ. በ1924 በተመሠረተው በኡጋንዳው የማኬሬሬ የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ አምስት ዓመት ነው። በኢትዮጵያም መደበኛው መንገድ በ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ፈተና በኩል ያልፋል። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የሳይንስና የጤና ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ተከፍቶ ነበር። ነገር ግን እርሱ የሐኪም እጥረትን ለማቃለል ታስቦ የተጀመረ እንጂ መደበኛውን መንገድ የተካ አልነበረም።

እንግዲህ በዚህ አካባቢ ለሚማር ልጅ «የሳይንስ መሠረት» የሚባለው የሚመረጠው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሳይሆን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። በኬንያ ለሕክምና ከሚታዩት የኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ውጤቶች መካከል ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ግዴታ ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር ሒሳብ ወይም ፊዚክስ፣ እንዲሁም እንግሊዝኛ ወይም ኪስዋሂሊ ይታያል። በእያንዳንዳቸው ቢያንስ ቢ ያስፈልጋል። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ አመልካቹ ከቦታው እጅግ የበዛ ስለሆነ የሚገቡት ከዚህ ብዙ የበለጠ ያመጡት ናቸው። በኡጋንዳም በኤ-ሌቭል ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሌሉት ተማሪ ለሕክምና አይታሰብም።

እዚህ ላይ ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ወንድማችን በየዓመቱ የሚያየውን ስህተት እንናገር። በ8-4-4 ሥርዓት ተማሪው ፎርም ስሪ ሲገባ አንዳንድ ትምህርቶችን ይጥላል። ከሳይንስ ሁለቱን ብቻ ይዞ መቀጠል ይፈቀዳል። በዚያን ጊዜ «ባዮሎጂ መሸምደድ ይበዛዋል» ወይም «ኬሚስትሪ ያስቸግራል» ብሎ አንዱን የጣለ ልጅ፣ በ16 ዓመቱ የሕክምናን በር በገዛ እጁ ዘግቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ መጥቶ «ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ» ሲለን መልስ እናጣለታለን። የዚህ ሥርዓት የመጨረሻ ተማሪዎች ፈተናቸውን የሚወስዱት እ.ኤ.አ. በ2027 ነው። ከእነርሱ በኋላ የሚመጡት ልጆች እ.ኤ.አ. ከጥር 2026 ጀምሮ በአዲሱ ሥርዓት 10ኛ ክፍል ሲገቡ ከሦስት አቅጣጫዎች አንዱን ይመርጣሉ፤ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ፤ የማኅበራዊ ሳይንስ፤ ወይም የሥነ ጥበብና የስፖርት። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሐኪም ለመሆን የሚያስብ ከሆነ የመጀመሪያው አቅጣጫ ውስጥ መግባቱን፣ በውስጡም ባዮሎጂና ኬሚስትሪ መውሰዱን አረጋግጡ። ቅጹ ላይ ጓደኛው የሞላውን ቀድቶ እንዳይሞላ።

በአሜሪካና በካናዳ ያለው መንገድ

አሁን ወደ አጎታችን አገር እንሻገር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሙን ካገደ ወዲህ የጉዞ ቀን ተቆርጦላቸው የነበሩ ወገኖች ሳይቀሩ እንደቀሩ ታውቃላችሁ። ታዲያ ስለዚያ አገር ለምን እናወራለን? ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ የስልኩ ምክር የሚመጣው ከዚያ ስለሆነ ምክሩን በቦታው ለማስቀመጥ። ሁለተኛ፣ የካናዳ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ ተማሪዎችን ወደ ካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ሲወስድ ስለቆየ፣ ከካኩማም በዚህ መንገድ የሄዱ ስላሉ፣ ለዚያ የሚወዳደሩት ልጆቻችን የሚገቡበትን ከወዲሁ እንዲያውቁ።

በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት አራት ዓመት ነው፤ ወደዚያ የሚገባው ግን መጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ ተምሮ ዲግሪ የያዘ ሰው ነው። በካናዳም አብዛኛዎቹ ቢያንስ የሦስት ወይም የአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይጠይቃሉ። ከሕክምና ትምህርት በኋላ ደግሞ የሬዚደንሲ ዓመታት አሉ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከመጀመሪያው የኮሌጅ ቀን አንሥቶ ራሱን ችሎ እስከሚያክምበት ቀን ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል።

አሁን ብዙዎቻችሁን የሚያስደንቅ ነገር እንናገር። በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልካቹ በየትኛው መስክ እንደተመረቀ አይወስኑም። ባዮሎጂ የተማረም፣ ፊዚክስ የተማረም፣ ታሪክ የተማረም ይገባል። ከሚገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከባዮሎጂና ከመሰል ሳይንሶች የመጡ ቢሆኑም፣ ይህ የሆነው ብዙ አመልካች ከዚያ ስለሚመጣ እንጂ ባዮሎጂ ለብቻው የተለየ ፈቃድ ስለሚሰጥ አይደለም። የሚጠይቁት የኮርስ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ የተለመደው ግን አንድ ዓመት ባዮሎጂ፣ አንድ ዓመት አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ አንድ ዓመት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ አንድ ዓመት ፊዚክስ፣ ሁሉም ከላቦራቶሪ ጋር፤ በተጨማሪም ባዮኬሚስትሪ፣ ሒሳብ ወይም ስታቲስቲክስ፣ እንዲሁም እንግሊዝኛ ነው። በካናዳ ደግሞ የኮርስ ዝርዝር የማይጠይቅ ትምህርት ቤት እስከመኖር ይደርሳል፤ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ከኮርሶቹ ሌላ ኤምካት የሚባል ፈተና አለ። ከእረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ ሲሆን ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ይቆጠራል። ክፍሎቹ አራት ናቸው። አንዱ ባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ፣ አንዱ ኬሚስትሪና ፊዚክስ፣ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጨመረው ሥነ ልቦናና ሶሲዮሎጂ ነው። አራተኛው ሳይንስ ጨርሶ የለበትም፤ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቦ የጸሐፊውን ሐሳብ መመርመር ነው። ለእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚከብደው ይህ ክፍል ነው። ፊዚክሱን በአንድ ክረምት ማስተካከል ይቻላል፤ የንባብ ልማድ ግን በአንድ ክረምት አይገነባም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በቀን ጥቂት ገጽ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ፣ ሳያውቀው ለኤምካት እየተዘጋጀ ነው።

ታዲያ የትኛውን መስክ እንምረጥ?

በዚያ መንገድ ለሚሄዱት የምንሰጠው ምክር በሦስት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። አንደኛ፣ በየትኛው መስክ ከፍተኛ ውጤት አመጣለሁ? ሁለተኛ፣ የሚጠየቁት ኮርሶች በመስኩ ውስጥ ይገኛሉ ወይስ ተጨማሪ መውሰድ አለብኝ? ሦስተኛ፣ ሕክምና ባልገባ ይህ ዲግሪ ያበላኛል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው መስማት አይወድም። «ገና ሳይጀመር ስለመውደቅ ለምን ታወራላችሁ?» ይሉናል። ነገር ግን በአሜሪካ ከአመልካቾች ከግማሽ የሚበልጡት በአንድ ዓመት ማመልከቻ ቦታ አያገኙም። ይህ ማለት ሰነፎች ናቸው ማለት አይደለም። በሌላው ዓመት እንደገና እስኪያመለክት ድረስ ቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ወደዚህም ለእናቱ ጥቂት የሚልክ ሰው ሥራ የሚያስገኝ ዲግሪ ያስፈልገዋል። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ እንዳንሆን፣ ሩቁን እያሰብን ቅርቡንም እናሰናዳ።

ባዮሎጂ ከሚጠየቁት ኮርሶች ጋር በብዛት ይገጥማል፤ ስለዚህ ጊዜ ይቆጥባል። ጉድለቱ ግን ተጨማሪ ትምህርት ካልተጨመረበት ለብቻው የሚያስገኘው ሥራ ጠባብ መሆኑ ነው።

ኬሚስትሪና ባዮኬሚስትሪ ብዙ ተማሪ በሚወድቅበት በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ጠንካራ ያደርጋሉ። በመድኃኒትና በምግብ ፋብሪካ፣ በውኃ ምርመራና በላቦራቶሪ ሥራም ያስገኛሉ። ኬሚስትሪን ለሚወድ ልጅ መልካም ናቸው፤ ለማይወድ ግን ውጤቱን ያበላሹበታል።

ፊዚክስና ምህንድስና ለማሰብ ያሠለጥናሉ፤ ሥራም ያስገኛሉ። ነገር ግን በእነዚህ መስኮች ኤ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ የባዮሎጂና የኦርጋኒክ ኮርሶችንም በላዩ መጨመር ያስፈልጋል። የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ «ምህንድስና ከባድ ነው» ብሎ ለዝቅተኛ ውጤት ብዙ ይቅርታ አያደርግም።

ነርሲንግ እንጀራ በመስጠት ረገድ ከሁሉ ይበልጣል። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። ለነርሶች የሚሰጠው ኬሚስትሪ አብዛኛውን ጊዜ ያጠረ ስለሆነ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አይቀበሉትም፤ ፊዚክስና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ በውስጡ የሉም። ነርስ ሆኖ ወደ ሕክምና ለመሻገር የሚፈልግ ሰው እነዚህን ለብቻ መማር ይኖርበታል። ይቻላል፤ ግን ከመጀመሪያው ማወቅ ያስፈልጋል።

የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ከነርሲንግ ጋር የሚቀራረብ ጥቅም አለው፤ ሥራ ያስገኛል፣ ኬሚስትሪውም የተሻለ ነው። የኅብረተሰብ ጤና ደግሞ በካምፕ ኑሮ ያየነውን ኮሌራና የምግብ እጥረት በትምህርት ቋንቋ እንድንረዳው ያደርጋል፤ ሳይንሱ ግን አነስተኛ ስለሆነ ኮርሶቹን በላዩ መጨመር ግድ ነው።

ታሪክን፣ ሥነ ጽሑፍን ወይም ኢኮኖሚክስን የሚወድ ልጅስ? እርሱም የሳይንስ ኮርሶቹን አሟልቶ ከወሰደና ጥሩ ውጤት ካመጣ በሩ አይዘጋበትም። ሆኖም ሁለት ሸክም እንደሚሸከም ይወቀው።

ስለ ውጤት አንድ ነገር እንጨምር። በአሜሪካ ማመልከቻ ላይ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ውጤት ለብቻው ተሰልቶ ይታያል። የወደቁበትን ኮርስ ደግመው ቢወስዱ የመጀመሪያው ውጤት አይሰረዝም፤ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ስለዚህ አዲስ አገር የገባ ልጅ እንግሊዝኛው ገና ሳይጠነክር፣ ሌሊት እየሠራ፣ በመጀመሪያው ዓመት ባዮሎጂና ኬሚስትሪና ፊዚክስ በአንድ ላይ ከሚሸከም፣ በአንድ ሳይንስ ቢጀምር ይሻለዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

ከዚህ ተምረው ለሚሄዱ

አንዳንዶቻችሁ «እዚሁ ዲግሪ ይዤ ብሄድስ?» ትላላችሁ። በኬንያ ወይም በኢትዮጵያ የተገኘ የባዮሎጂ ዲግሪ በአሜሪካ ወይም በካናዳ ከንቱ አይሆንም፤ ሥራ ለማግኘትም ይረዳል። ነገር ግን አብዛኛዎቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ኮርሶቹን በአሜሪካ ወይም በካናዳ ዩኒቨርሲቲ የተወሰዱ ሆነው ማየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቢያንስ የተወሰነውን እንደገና መማር ሊኖር ይችላል።

በሌላ በኩል፣ እዚህ ሕክምና ተምሮ ሐኪም የሆነ ሰው ወደ አሜሪካ ቢሄድ የሕክምና ትምህርት ቤት እንደገና አይገባም። ማስረጃው ይመረመራል፣ የአሜሪካን የሐኪሞች የፈቃድ ፈተና ይፈተናል፣ ከዚያም ሬዚደንሲ ይወዳደራል። ይህም ከባድ ነው፤ ግን ሌላ መንገድ ነው። ሁለቱን መንገዶች ማደባለቅ ነው ዓመታት የሚያስበላው።

የአንዲት እናት ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ወደ ነርሷ እኅታችን መጥተው እንዲህ ብለው ጠየቋት። «ልጄ የሦስት ዓመት የነርሲንግ ዲፕሎማ ዕድል ደርሷታል። እርሷ ግን ‹ሐኪም ነው መሆን የምፈልገው፤ ሌላ ስኮላርሺፕ እጠብቃለሁ› ብላ አለቀሰች። እምቢ ትበል?»

እኛ ሦስታችን በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሌሊት ተከራክረናል። ኬሚስትሪ አስተማሪው «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ትጠብቅ» አለ። ባዮሎጂ የተማረው «የመጣውን አትመልስ፤ እኔ አይቼዋለሁ» አለ። ነርሷ እኅታችን መጨረሻ ላይ የተናገረችው ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን። «እኔ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። ሁለተኛው ዕድል አልመጣም፤ የመጀመሪያውም አልተመለሰም። ነርስ የሆንኩት ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ነው» አለችን።

ለእናትየዋ የሰጠነው መልስ ይህ ነው። ልጅቷ ዕድሉን ትቀበል። ነገር ግን ተቀብላ ትተኛ ማለታችን አይደለም። ከመቀበሏ በፊት ሦስት ነገር ትጠይቅ። ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ዲፕሎማ ለፈቃድ የሚያበቃ ነውን? በዲፕሎማ ላይ ተመሥርተው ለሕክምና ወይም ለዲግሪ የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ አገር አሉና፣ ስንት ውጤት ይጠይቃሉ? የሁለተኛ ደረጃ ውጤቷስ ለዚያ ይበቃል? መልሱን ካገኘች የዲፕሎማው ሦስት ዓመት የባከነ አይሆንም፤ ደረጃ ይሆናል። በኬንያ በሦስት ዓመት የሚያልቅ የክሊኒካል ሜዲሲን ዲፕሎማም አለ። ያንን የተማሩት ክሊኒካል ኦፊሰሮች ናቸው በዚህ ካምፕ ልጆቻችንን መርምረው መድኃኒት የሚያዙልን። ሁላችሁም «ዶክተር» እያላችሁ ትጠሯቸዋላችሁ። የሰው ሕይወት ለማዳን የሚያስችለው ሙያ አንድ ብቻ አይደለም።

እናትየዋ ዛሬም እዚህ ከመካከላችን አሉ። ልጅቷ ምን እንደወሰነች አንናገርም፤ የእርሷ ጉዳይ ነውና።

ከዚህ ወጥታችሁ የምታደርጉት

ወገኖቻችን ሆይ፣ ንግግር ሰምቶ መበተን እንዳይሆን በዚህ ሳምንት ልትፈጽሙት የምትችሉትን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በደብተሩ ላይ አንድ ገጽ ከፍሎ፣ በአንድ በኩል በአካባቢያችን ያለውን መንገድ፣ በሌላው በኩል የውጭውን መንገድ ይጻፍ። ዛሬ በእጁ ያለው ዕድል ለየትኛው እንደሚያገለግል ምልክት ያድርግ። ምክር በስልክ ሲመጣም «ይህ ለየትኛው ወገን ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ስኮላርሺፕ የሚያመለክት ሰው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዩኤንኤችሲአር በኩል የሚሰጠው የዳፊ ስኮላርሺፕም ይሁን ሌላ፣ የሚከፍለው ለስንት ዓመት ነው? እንደ ሕክምና ያለ ረጅም ትምህርት ይሸፍናል? ለሁለተኛ ዲግሪስ ይረዳል? መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አለመጠየቅ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው።

ሦስተኛ፣ ማስረጃችሁን ጠብቁ። ትራንስክሪፕት፣ የፈተና ውጤት፣ የስደተኛ መታወቂያ፣ ከኢትዮጵያ ይዛችሁ የመጣችሁት የ8ኛ፣ የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ካርድ ካለ፣ ሁሉንም በፕላስቲክ አድርጉና ከጎርፍና ከምስጥ አርቁ። በዚህ ካምፕ በአንድ ሌሊት ዝናብ የአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ማስረጃ ሲጠፋ አይተናል። ከኢትዮጵያ የመጣ ውጤት ደግሞ በዚህ አገር አቻነቱ መረጋገጥ ስላለበት ቀድማችሁ ጀምሩ።

አራተኛ፣ ሕክምናን በወሬ ሳይሆን በዓይን እዩት። በክሊኒክ ወይም በማኅበረሰብ ጤና ሥራ በፈቃደኝነት ማገልገል ከቻላችሁ አገልግሉ። የሚያስመልስ በሽተኛ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ነርስ አይታችሁ «አሁንም እፈልገዋለሁ» ካላችሁ፣ ፍላጎታችሁ የእናንተው ነው። ካላላችሁም በ17 ዓመት ማወቅ በ27 ዓመት ከማወቅ ይሻላል።

አምስተኛ፣ ለወላጆች። ራሽኑ እ.ኤ.አ. በ2025 ክፉኛ በተቀነሰበት ጊዜ እንኳ ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት ያላስቀራችሁ ወላጆች፣ ትልቁን ድርሻ ተወጥታችኋል። አንድ ነገር ብቻ እንለምናችኋለን። «ልጄ ዶክተር ይሆናል» ብላችሁ በየጎረቤቱ አታውጁበት። የተገባለት ቃል በትከሻው ላይ ሆኖ መንገድ መቀየር ሲኖርበት መቀየር ያፍራል። ለሴቶች ልጆቻችሁም ከምሽቱ የውኃና የምድጃ ሥራ ላይ አንድ ሰዓት ቀንሱላቸው። ኬሚስትሪ አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

ለማጠቃለል፣ የጥያቄያችሁ መልስ ይህ ነው። በዚህ አካባቢ ሕክምና ለመማር የምታስቡ፣ ባዮሎጂንና ኬሚስትሪን ሒሳብን ጨምራችሁ ሁለተኛ ደረጃ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሌላ ዲግሪ አትቅደሙበት። በውጭው መንገድ የምትሄዱ፣ በምትወዱትና በምትጎብዙበት፣ ሕክምናው ቢዘገይ በሚያኖራችሁ መስክ ተመረቁ፤ የኮርሶቹን ዝርዝር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኪሳችሁ ያዙ።

ከነገ ጀምሮ ባሉት ሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች፣ ከሰዓት በኋላ በዚሁ አዳራሽ እንገኛለን። ውጤታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አንድ በአንድ አብረን እንመለከታለን። ሐኪም ሳንሆን ቀርተን ይሆናል፤ ለሚሆነው ልጅ ግን ጥያቄውን በጊዜው ልንጠይቀው እንችላለን።